ዘነበች ቁርጥ ዋጋ

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚዋሸውን ያህል መርካቶም አይዋሽም። ይህን የምለው መርካቶን ስለማላውቃት አይደለም። የነገድኩት እዚያው ነው፤ የገዛሁበት ዋጋ ነው ብሎ የሚምል ነጋዴ በየዕለቱ እሰማለሁ፣ አንዳንዴ እኔም ምያለሁ። ግን እትዬ ዘነበች ያረፈች ሰሞን አብነት ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ የሰማሁትን ያህል ውሸት በአንድ ቦታ ተከምሮ አይቼ አላውቅም።

መሞቷን የነገረችኝ የወንድሟ ልጅ ሜሮን ናት። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «አክስቴ ዛሬ አልተነሳችም» አለችኝ። «የተኛች ነው የምትመስለው» አለችና ዘጋችው። ደም ግፊት እንዳለባት አውቅ ነበር። መድኃኒቷን ግን አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም፤ ለዚህ ነው ሞቷ እንደ ስህተት የቆጠቆጠኝ።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። «እንዴት ያለች ሳቂታ ነበረች!» አለች ከፊቴ የተቀመጠች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት። ከሱቃችን ፊት ለፊት ሹራብ ትሸጣለች፤ በቁም ሳለች «ያቺ እብድ» ከማለት ሌላ ስም ጠርታት አታውቅም። «ሰው ወዳድ ነበረች» አለ ከጎኗ ያለው። «ጨዋታዋስ ይጠገባል?» አለ ሌላው፣ ከሟች ጋር «ስንት ነው?» ከማለት ያለፈ ቃል ተለዋውጦ የማያውቅ ሰውዬ። ወንድሟ ጋሽ ግርማ ደግሞ ጋቢውን አደግድጎ «መከታዬ! አማካሪዬ!» እያለ ደረቱን ይደቃል። ይህ ሰው እህቱን ካናገራት ዓመታት አልፈዋል።

ሳቂታ! ሰው ወዳድ! ሌላ ሴትዮ ቀብረው የመጡ ነበር የመሰለኝ። እትዬ ዘነበች ሳቂታ አልነበረችም። ሰው ትወድ ነበር ብዬም አልዋሽም፤ ሰው ትችል ነበር፣ ያውም በልክ። እነዚያ ሁሉ የሚያለቅሱላት ሴት በሕይወት ብትመጣባቸው በማግስቱ መሳለቂያ እንደሚያደርጓት ስለማውቅ፣ እኔ የማውቃትን ላውራ።

በነገራችን ላይ «ነበሩ» ሳልል «ነበረች» የምላት ስለምንቃት አይደለም። መጀመሪያ ቀን «እንደምን ዋሉ እትዬ?» ስላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «ከኔ ጋር ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ እርስዎን ነው።»

«ታዲያ አንድ ሰው ነኝ። አንቺ በይኝ።»

«ነውር አይሆንም?»

«እኔ ነኛ የምነወረው። ካልተነወርኩ ምንሽ ነው?»

ሱቋ ከሲኒማ ራስ ወደ ውስጥ በሚገባው መደዳ፣ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ከሚሸጥበት ነው። የአባቷ ሱቅ ነበር። አባትየው ሲሞቱ ቤቱንና መኪናውን ለግርማ፣ ሱቁን ለእሷ አወረሱ። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ውስጥ የምትቀመጠው እሷ ነበረችና ማንም አልተገረመም። በኋላ ግን በቦታው ላይ ሕንፃ ተሠርቶ ሱቁ ዋጋ ሲያወጣ፣ ጋሽ ግርማ በጣም ተገረመ።

እኔ ግማሹን ተከራይቼ ገበር ጨርቅ እሸጥ ነበር። ስገባ ደንቧን ነገረችኝ፤ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ሽቶ አይቀባም፣ ከኋላ መጥቶ ትከሻ መንካት የለም። «ሌላው እንደፈለግሽ» አለች። ከሹራቧ አንገት ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት በመቀስ ቆርጣ ነበር የምትለብሰው፤ ያው አመድማ ሹራብ ሲያልቅ ሌላ ያንኑ የመሰለ ትገዛለች። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አለ። ለሰላምታ ጉንጯን አትሰጥም፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትመልሰዋለች። መርካቶ ውስጥ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሳይላላጥ የማይውል ሰው መሃል፣ ይህን ማድረግ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ግን ከሁሉ በላይ ያስጠላቻቸው ዋጋዋ ነው። አትከራከርም። ዋጋ ትናገራለች፤ አለቀ።

«እስቲ የመጨረሻውን ንገሪኝ» ይላል ገዢው።

«ነገርኩህ እኮ።»

«እሱማ የመጀመሪያው ነው።»

«የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ነው።»

ገዢው ልማዱ ነውና ተቆጥቶ እንደሚሄድ ሰው ይወጣል፤ ተጠርቶ ሊመለስ። ዘነበች አትጠራም። ሄደ ከተባለ ሄደ ነው ለሷ፤ ሰው ሊመለስ ብሎ ይሄዳል የሚባል ነገር አይገባትም። ሰውዬው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ ጫማውን ያያል፣ በመጨረሻ ቀልቡ ተገፎ ራሱ ይመለሳል። የሚገዛው በዚያው ዋጋ ነው፤ ስድብ ግን ይጨምርበታል። ስሟን ያወጡላት እንዲህ ያሉ ገዢዎች ናቸው። ዘነበች ቁርጥ ዋጋ።

አንድ ጊዜ አንድ ታዋቂ የሙሽራ ልብስ ሰፊ የሠራውን ቀሚስ ይዞ መጣና ፊቷ ዘርግቶ «እንዴት ነው?» አላት። ቀና ብላ አየችው፣ ሰውዬውን ሳይሆን ቀሚሱን። «የጠየቅኸኝን ልመልስልህ ወይስ ደስ የሚልህን?» አለችው። ይህን ጥያቄ ለሁሉም ነበር የምትጠይቀው፤ ቅኔ አይደለም፣ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው። ሰፊው ስቆ «የጠየቅሁሽን» አለ። «አስቀያሚ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቁልፍ በዝቷል» አለችው። ያ ሁሉ ቁልፍ የተገዛው ከእሷ ነበር። ሰፊው ከዚያ በኋላ ቁልፍ ለመግዛት ሌላ መደዳ ድረስ ይሄድ ጀመር። «ለምን ቀረ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ስነግራት ልታምነኝ አልቻለችም።

ሰፈሩ ስለሷ ያልሰጠው ምክንያት አልነበረም። ባል ስላጣች ነው፤ ኩራት ነው፤ ዛር አለባት፤ አባቷ ረግመዋታል። ሁሉም ሐኪም፣ ሁሉም ቄስ ነው። አንዳቸውም ግን ጠጋ ብለው እሷኑ ጠይቀዋት አያውቁም።

እኔ ብዙ ቆይቼ ጠየቅኋት። አግብታ ታውቅ እንደሆን ነበር ጥያቄዬ። ሪባን እየጠቀለለች መለሰችልኝ።

«አግብቻለሁ። ሾፌር ነበር። በፊት መሳቅ ተምሬ ነበር።»

«መሳቅ?»

«ሰው ሲያወራ መቼ እንደሚሳቅ አይገባኝም። ሌሎቹን እያየሁ ነው የምስቀው። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት እለማመዳለሁ። እሱ ያኔ ነው የወደደኝ፤ ስስቅ። ካገባኝ በኋላ ቤት ውስጥም መሳቅ ነበረብኝ። ደከመኝና ተውኩት። ግድግዳ ነው ያገባሁት አለና ሄደ።»

«አላዘንሽም?»

«አዘንኩ። ግን አንቀላፋሁ። ከሰርጉ በኋላ የተኛሁት ያኔ ነው።»

በዚያ ዕድሜዋ ማኅበር ትሄድ ነበር፣ ዕቁብ ትገባ ነበር፣ ሰርግ አይቀራትም ነበር። ደርሳ ስትመለስ ታዲያ ሱቁን ዘግታ ቀናት አልጋ ላይ ትወድቃለች። ሰዎቹም አንዱን ጊዜ ሰነፍ፣ ሌላውን ጊዜ ጠጪ ይሏታል። እሷም ሰነፍ መሆኗን አምና ነበር። ይህ ነው የሚያናድደኝ። የመደዳው ወሬኛ ያላትን ሁሉ ተቀብላ ነው ያረጀችው።

ከዚያ የጀነሬተሩ ቀን መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የጎረቤቱ ባለ ሱቅ ጀነሬተሩን አምጥቶ እኛ በር ላይ ተከለው። ዘነበች ወጥታ «አንሳልኝ» አለችው። ሳቀባት። «ታገሺ እንጂ እናት፣ ለሁላችንም መብራት ነው» አለና ሄደ። እኔ ዕቃ ላመጣ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ነበር። ስመለስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሰዎቹ ይስቃሉ፤ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ዘነበች ጠረጴዛው ስር ገብታ፣ የክር ጆንያ ራሷ ላይ ጎትታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች።

ሰዎቹን በስድብ ዮርዳኖስ አጥምቄ አባረርኳቸው፤ ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም። የጀነሬተሩን ማጥፊያ ፈልጌ አጠፋሁት። የብረት መዝጊያውን ጎትቼ አወረድኩና ከእሷ ራቅ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሳልነካት።

«ሄዱ?» አለች ከጆንያው ስር።

«ሄዱ።»

«ጥሩ። ዚፖቹን በትኛቸዋለሁ፤ በቀለም አትደባልቂያቸው።»

ምስሉ በማግስቱ በየስልኩ ነበር። «የመርካቶዋ እብድ» ብለው ዘፈን አስገብተውበታል። ሹራብ ሻጯ ለእኔ ራሱ ላከችልኝ፤ ያላየሁት መስሏት። ይህችው ናት ድንኳን ውስጥ «ሳቂታ ነበረች» ያለችው።

ከምስሉ ተመልካቾች አንዷ ሜሮን ነበረች። የጋሽ ግርማ ትልቋ ልጅ ናት፤ ሶልያና የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት። ሶልያና ሰው ሲጠራት አትመልስም፤ የሹራቧን አንገት ታኝካለች፤ ስትናገር ደግሞ የምትናገረው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው። አያቷ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስቀምጣታል። ሜሮን ሱቃችን መጥታ ስልኳን እንደያዘች ቆመች።

«አክስቴ፣ ሶልያና ልክ እንዲህ ነው የምትሆነው» አለች። «ልክ እንዲህ። ሐኪም ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ባሌ አልሄድም አለ። አባቴም አይሰማ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ዘነበች ሆስፒታል ትጠላለች፤ መብራቱ ይጮኽብኛል ትል ነበር። ግን ሄደች።

የሆነውን የነገረችኝ ተመልሳ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ሜሮንን ስለ ልጅቷ ትጠይቃለች። ድምፅ ትፈራለች? ልብስ ይኮሰኩሳታል? የለመደችው ነገር ሲቀየር ትረበሻለች? ሰው ስታይ ዓይን ትሸሻለች? ሜሮን አፏን ሳትከፍት ዘነበች ከኋላ ትመልሳለች። «አዎ። አዎ። በጣም። ምልክቱን ቆርጬ ነው የምለብሰው።» ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ የማወራው ስለ ልጅቷ እኮ ነው።»

«እኔ ስለኔ መስሎኝ።»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እርስዎማ ይነግዳሉ፣ ራስዎን ችለው ይኖራሉ። ኦቲዝም ያለባት ልጅቷ ናት።»

«ሶልያናስ አድጋ ሱቅ ብትከፍት ይለቃታል ማለት ነው?»

ሐኪሟ ብዕሯን አንስታ ወረቀት ላይ የሌላ ሐኪም ስም ጻፈችላት፤ አዋቂዎችን የሚያይ። ዘነበች ወደዚያ ሐኪም ብዙ ተመላለሰች። ስለ ልጅነቷ ጠየቃት፣ ሜሮንንም ጠራት፣ እኔንም ስለ ሱቁ ጠየቀኝ። በመጨረሻ እሷም ኦቲዝም እንዳለባት ነገራት። በሃምሳዎቹ ውስጥ ነበረች።

የተመለሰች ቀን እንደወትሮው ጥጧን ጆሮዋ ውስጥ አድርጋ፣ ሪባን ስትለካ ዋለች። ሰው ሲቀል ነው የተናገረችው።

«ባለጌ አልነበርኩም ማለት ነው» አለች።

«ማን አለሽ?»

«ሁላችሁም። ትንሽ ልጅ ሆኜ የትልቅ ሰው ዓይን ስለማላይ አባቴ ጨዋ ልጅ እያለ ለእንግዳ ያሳየኝ ነበር። ሰላሳ ዓመት ሲሞላኝ ያው ዓይን አለማየት ንቀት ሆነ። እኔ አልተቀየርኩም። ስሙን የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ከዚያ ስለ ጠበሉ አወራችኝ። ልጅ ሳለች እናቷ ወስደዋት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋባትና ሰው ዙሪያዋን ሲጮኽ እሷም ጮኸች። ሰዎቹ «ያዘው! ለፈለፈ!» አሉ። «ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋብሽ አንቺ አትጮሂም?» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን መሳም ግን አቁማ አታውቅም፤ የምትሄደው ከሰዓት፣ ሰው በሌለበት ነበር። «እግዚአብሔር በማይክሮፎን አላናገረኝም፤ እኔም አልፈልግም» ትል ነበር።

ደስ አላላትም። ሰው ሁሉ እፎይ ትላለች ብሎ ይጠብቃል፤ እሷ መጀመሪያ ተናደደች። ያቺ መስታወት ፊት ቆማ መሳቅ የምትለማመድ ልጅ አሳዘነቻት። መዝጊያውን ግማሽ አውርዳ ብዙ ቀን ተቀመጠች። ሲወጣላት ግን ወጣላት። አንድ ጠዋት ጆሮዋ ላይ ብረት የሚቆርጡ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ትልቅ ብርቱካናማ መክደኛ አድርጋ መጣች። ምን አለሽ ተራ ነው የገዛችው። ጥጡን ጣለችው።

መደዳው ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ።

«ዘነቡ፣ ምን ዘፈን ነው?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ዘፈን አለ እንዴ?»

«አለ። እሱ ነው የሚጣፍጠው።»

ለጠየቃት ሁሉ ኦቲዝም እንዳለባት ትናገራለች፤ ላልጠየቃት አትናገርም። ከቤት ውጭ ለሰው ብላ የምትስቀውንም ተወች። እስከዚያ ያላቋረጠችውን ማኅበር ተወች፤ መዋጮዋን ትልካለች፣ እሷ አትሄድም። ሰፈሩ ግን ይህን አልቻለውም። እብድ ሲሏት የነበሩት አሁን ያዝኑላት ጀመር። እንደማትሰማ ቆጥረው ቃል በቃል እየጎተቱ ያናግሯታል። «ዚ-ፕ አ-ለ-ሽ?» ይላታል አንዱ። «አለ-ኝ፤ አን-ተ ግን ም-ን ነካ-ህ?» ትለዋለች። አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ወሬውን ሰምታ ፈልጋት መጣች፤ እያለቀሰች «ልጄ ይድናል?» አለቻት። «አይድንም፤ አልታመመም። ክር ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ሴትየዋ ደነገጠች። ከዚያ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እስከ ምሳ ሰዓት አልሄደችም። ዘነበች ልጁ ምን እንደሚጠላ አንድ በአንድ ስትጠይቃት ነበር፤ ስለ ሌላ ነገር እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ከአዛኞቹ ሁሉ ቅን የነበረችው እትዬ አስካለ ናት። በርበሬ በረንዳ ቅመም ትሸጣለች፤ ጆንያ መስፊያ ሲባጎ ከኛ ነው የምትገዛው። ሽታዋ ስለሚያስነጥሳት ዘነበች ደፍ ላይ ታቆማታለች፣ እሷም አትቀየምም። የምታዝነው ከልቧ ነው። ያም ሆኖ በመጣች ቁጥር አዲስ ፈውስ ይዛ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ከቤት መጣ። ጋሽ ግርማ የሐኪሙን ነገር ሲሰማ መጀመሪያ አፈረ፤ ሁለተኛ ልጁ ልትዳር ሽማግሌ የተላከበት ሰሞን ነበር። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ታየው። እህቱ ታማለች፤ ሐኪምም ተናግሯል። የታመመች ሴት ሱቅ ማስተዳደር አትችልም። እንግዲህ ማን ያስተዳድርላት?

አንድ እሑድ ቤቱ ሽማግሌ ሰበሰበ። አንዱ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን ናቸው፣ ሌላው የቤቱ የንስሐ አባት መምሬ። እኔ የጀነሬተሩን ቀን እንድመሰክር ተጠርቼ ነበር። ጥሩ ምሳ ተበላ። የሰው ንብረት ሊወስዱ የተሰበሰቡ ሰዎች እንዴት በደንብ እንደሚበሉ ያን ቀን አየሁ። ዘነበች አልበላችም፤ መክደኛውን አንገቷ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀምጣለች። ሜሮን በጓዳው በር ቆማለች።

«እህቴን እወዳታለሁ» ብሎ ጀመረ ጋሽ ግርማ። እንዲህ ተብሎ ሲጀመር የሚመጣውን ማወቅ ቀላል ነው። «ሥራ ከብዷታል። መንገድ ላይ መሳቂያ ሆናለች። ይሄው ሁሉም ያየው ነው» ብሎ ስልኩን አወጣና ያንን ምስል ለሽማግሌዎቹ አሳየ። የገዛ እህቱን። መምሬ ፊታቸውን አዞሩ። ጋሽ መኮንን ግን መነጽራቸውን አስተካክለው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ልጄ ዘነበች» አሉ። «ታመሻል ወይ?»

«አልታመምኩም።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙ እንዴት እንደተፈጠርኩ ነገረኝ። ታመሻል አላለኝም።»

«ታዲያ ጤነኛ ሰው ጠረጴዛ ስር ይገባል?»

«እርስዎ ቤትዎ ጭስ ቢሞላ አይወጡም?»

«እወጣለሁ።»

«እኔ መውጫው ላይ ጀነሬተር ስለተተከለ ወደ ውስጥ ወጣሁ።»

መምሬ ሳሉ፤ ሳቅ ይመስለኛል። ጋሽ ግርማ ቆጣ አለ። «አያችሁ? ይሄ መልስ ነው? ደግሞስ ምን አስለፈለፈሽ? ሊሸፈን የሚችል ነገር ነበር! ነገ የልጄ አማቾች ቢሰሙ ምን ይላሉ? በዘራቸው አለ አይሉም?»

«አለ እኮ» አለች ዘነበች።

ጋሽ ግርማ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ።

«የት?» አሉ ጋሽ መኮንን።

ዘነበች ወንድሟን አላየችውም፤ የምንጣፉን ጠርዝ ነበር የምታየው። «ግርማ፣ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ ወይስ ደስ የሚልህን?»

የመለሰችው ሜሮን ናት። ጓዳ ገብታ ሶልያናን ይዛ ወጣች። ልጅቷ ሰው በተሰበሰበበት ሳሎን ስትገባ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ሽማግሌዎቹን ዞራ አየችና፣ ጥርት ባለ የቴሌቪዥን ድምፅ «አሁን በአዲስ ማሸጊያ ቀርቦልዎታል!» አለች። ቀጥ ብላ ሄዳ ከዘነበች አንገት ላይ መክደኛውን ወሰደች፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፣ ጀርባዋን ሰጥታት እግሯ ሥር ተቀመጠች። ዘነበችም አልነካቻትም፣ አላቀፈቻትም። እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት።

«አባዬ» አለች ሜሮን። «የልጄም ሐኪም ያንኑ ቃል ነው የተናገረችው። ዛሬ አክስቴ ሱቅ አይገባትም ከተባለ፣ ስታድግ ልጄም አይገባትም ማለት ነው። እንግዲህ ፍረዱ። ከተፈረደባት ግን እኔና ልጄ እዚህ ቤት ድጋሚ አንገባም።»

ጋሽ ግርማ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ያደረጉትን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ሲቸግረው የሚያደርገውን። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ በፍቅር ጨርሱት» አሉና መርቀው ተነሱ። አንዲት ቃል እውነት ሳይናገሩ ወጡ። ምሳውን ግን አሞግሰዋል።

ሱቁ እንደነበረ ለዘነበች ቀረ። ሴትዮዋን ያዳናት የሽማግሌ ፍርድ አይደለም፤ ግርማ የልጅ ልጁን ማጣት መፍራቱ ነው። ያንንም ቢሆን ይቅርታ ብሎ አልጨረሰውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቱን ማናገር አቆመ። እሷ በቅያሜው ብዙም አልተጎዳችም፤ «በበዓል የሚደውልልኝ አንድ ሰው ቀነሰ፤ ስልክ አልወድም» አለችኝ። ዓይኗን ግን ስትጠርግ አይቻለሁ። ወንድሟ ነው።

ከዚያ በኋላ ሶልያና ከትምህርት ቤት መልስ እኛ ሱቅ መዋል ጀመረች። ሁለቱ ተቀምጠው ሰዓታት ቃል ሳይለዋወጡ ይውላሉ፤ ስትሄድ ዘነበች «ዛሬ ጥሩ ተጫወትን» ትለኛለች። እውነቷን ነው የምትለው። ፊቷ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ዕረፍት ነበር፤ ማንንም ለመምሰል የማይሠራ ሰው ፊት።

በመጨረሻው ዓመቷ እትዬ አስካለ ደፉ ላይ መጥታ ቆመች። ሲባጎዋን ሳትጠይቅ ነው ወሬውን የጀመረችው፤ ደስ ብሏታል።

«ዘነቡዬ፣ አገኘሁልሽ! ከውጭ የመጣ መድኃኒት ነው አሉ። የእህቴ ጎረቤት አውቃለሁ የሚል ሰው አግኝታለች። ለዚህ ላንቺ ነገር ነው፤ ጥርግ ነው የሚያደርገው።»

«ምን ያደርጋል?»

«እንደ ሰው ያደርግሻላ!»

ዘነበች መቀሷን አስቀመጠች። ብርቱካናማውን መክደኛ ከጆሮዋ ላይ አወረደች፤ ይህን የምታደርገው ነገሩ በደንብ እንዲገባት ስትፈልግ ብቻ ነው።

«እንደ የትኛው ሰው?»

«እንዴ?»

«ሰው ብዙ ነው። እንደ የትኛው ነው የሚያደርገኝ? አሳዪኝ።»

አስካለ ቅን ስለሆነች፣ ከልቧ ልታሳያት ዞር አለች። እኔም አብሬ አየሁ። በራችን ላይ አንድ ደላላ የገጠር ሰውዬ እጅጌ ይዞ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለ ይጎትታል፤ ስሙን አያውቀውም። ጎረቤታችን ባለ ሱቅ ገዢውን አቅፎ ስሞ ሸኘና፣ ሰውዬው ማዶ ሳይሻገር «ንፉግ!» ብሎ ምራቁን ተፋ። ሁለት ተቀጣሪዎች አለቃቸው በተናገረው ነገር ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ነው፤ አለቃቸው የተናገረው ቀልድ አልነበረም። ከእነሱ ወዲያ አንዷ «ናፍቀሽኝ!» እያለች ሌላ ሴት አቅፋ፣ ከትከሻዋ ኋላ ለጓደኛዋ በዓይኗ ትጠቅሳለች።

አስካለ ከዚህ ወደዚያ አየች። አንዱን ልትጠቁም እጇን አነሳችና ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው።

«ቀስ ብለሽ ምረጪ» አለቻት ዘነበች፣ መቀሷን እያነሳች። «እኔ አልቸኩልም።»